ደሴ ላይ ማታ በረንዳ ለሚያድሩ ሰዎች ምን ይዘን እንውጣ?

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ በተለይ ደሴ ያላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

እኛ አብረን የተማርን ጓደኛሞች ነን። ገሚሱ ሥራ ይዟል፣ ገሚሱ ገና ሲቪ ይዞ ይዞራል። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጣን ማታ ማታ በረንዳ ላይ የሚያድሩ ሰዎችን ለማገዝ ተስማምተናል። መንገዳችን ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር፣ ከዚያ ወደ መናኸሪያው ነው። ብርድ ልብስ ከየቤታችን አሰባስበናል። የአንዷ ጓደኛችን እናት ዳቦ ቤት ስላላቸው ማታ የተረፈውን እሰጣችኋለሁ ብለዋል።

ባለፈው ሰሞን ሁኔታውን ለማየት ወጣን። እንዳሰብነው አልሆነም። አንዳንዱ ገና ስንጠጋው ተሸፋፍኖ የተኛ ይመስላል፣ ግን እንዳልተኛ ያስታውቃል። መድኃኔዓለም አካባቢ ያገኘናቸው አንዲት እናት ብርድ ልብሱን ስዘረጋላቸው "ውሰጂው ልጄ፣ ለኔ ጠብ ነው የሚያመጣብኝ" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ማስቲሽ የሚስቡት ልጆች ደግሞ ዳቦውን ተቀብለው "ብርስ የለም?" ብለው ከበቡን፣ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ። መናኸሪያው ጋ ራቁቱን የተቀመጠ፣ ብቻውን የሚያወራ ሰው አየን። ምን እንደምናደርግ ግራ ገብቶን ዝም ብለን አለፍን።

እና ጥያቄዬ ብዙ ነው። ምግብ ይሻላል ወይስ ልብስ? ፈቃድ ያስፈልጋል? ልጆቹን እንዴት ነው የምንቀርባቸው? የታመመ ሰው ብናገኝ ወዴት ይወሰዳል? አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ቪድዮ ቀርጸን ቲክቶክ ላይ ብንለቀው ገንዘብ ይሰበሰባል ይላል። እኔን ደስ አላለኝም፣ ግን ምክንያቱን ማስረዳት አቃተኝ። ይሄን ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ።


ጦሳ ሥር፦

እህቴ፣ ከቪድዮው ልጀምር። ተዉት። ሰው በተኛበት፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ልጇን ታቅፋ ካሜራ ሲበራባት ምን እንደሚሰማት ግልጽ ነው። ከዚያ የባሰም አለ። ጎዳና ላይ ካሉት ብዙዎቹ እዚያ መሆናቸውን ቤተሰባቸው አያውቅም። ለእናቱ "አዲስ አበባ ሥራ ይዣለሁ" ብሎ የነገረ ልጅ አለ። ባሏን ሸሽታ ከወረዳ የመጣች ሴት አለች፣ ያ ቪድዮ ኩታበር ወይም ተንታ ላይ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰውየው ያለችበትን አወቀ ማለት ነው። ገንዘብ ማሰባሰብ ከፈለጋችሁ የገዛችሁትን ዕቃና ደረሰኙን ፎቶ አንሱ፣ ለማመን የፈለገ ሰው በዚያ ያምናል።

እናታችን ያሉሽ እውነታቸውን ነው። አዲስ ብርድ ልብስ ማታ ተሰጥቶ እኩለ ሌሊት ላይ ይነጠቃል። አልሰጥም ያለ ይደበደባል። ቶሎ የሚነጠቁት ደግሞ ብቻቸውን የሚያድሩ ሴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ በረንዳ ላይ አምስት ሰው ካለ ለሁለቱ ብቻ ሰጥታችሁ አትሂዱ፣ ወይ ለሁሉም ወይ ለማንም። ዕቃውም የሚያብረቀርቅ አይሁን። ያገለገለ ጋቢ፣ ደብዘዝ ያለ ካፖርት ማንም ዓይኑን አይጥልበትም፣ ገበያ ላይም ዋጋ ስለማያወጣ ከሰውየው ጋር ይቆያል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ነው ያለችው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ እንዴት እንደሆነ እዚህ ላደገ ሰው አይነገርም። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ብርዱ ከታችም እንደሚገባ ነው። ባዶ ሲሚንቶ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ የተኛ ሰው፣ ደረቅ ካርቶን ደራርቦ በአንድ ጋቢ ከተኛው ይልቅ ይንቀጠቀጣል። ካርቶን ሱቆች ሲዘጉ በነፃ ይገኛል። ጆንያ ውስጥ ጭድ ጠቅጥቃችሁ ከሥሩ ላስቲክ ብታነጥፉለት ደግሞ ፍራሽ ነው፣ ማንም አይሰርቀውም። ካልሲም ያዙ። ሁሉም ልብስ ያመጣል፣ ካልሲ የሚያመጣ የለም፣ ሰዉ ግን እግሩ እንደረጠበ ነው የሚያድረው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሱቅ ከሚዘጋበት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ቀን ሲሸከም የዋለው ሰው ተኝቷል፣ የተኛ ሰው ደግሞ ለዳቦ አይቀሰቀስም። ስታናግሩ ቁጭ በሉ፣ ከላይ ቆሞ ቁልቁል ማውራት የፖሊስ ወግ ነው። "አባ"፣ "እማማ"፣ "አያ" በሉ። የራሳችሁን ስም ተናገሩ፣ የእነሱን ግን በመጀመሪያው ቀን አትጠይቁ፣ ስምና አገር የሚጠይቅ ሰው ወይ መዝጋቢ ነው ወይ አፋሽ። ቀናችሁን አትቀያይሩ። ብዙ ቡድን አይተናል፣ የበዓል ሰሞን ይመጣል፣ ያድላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ደብዛው ይጠፋል። ዳቦ አጥታችሁ እንኳ ብትሆኑ ባላችሁት ቀን ባዶ እጃችሁን ሂዱ። የመጀመሪያውን ወር ምንም ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ። በኋላ ግን አንዱ ራሱ ጠርቶ "እህቴ፣ ይሄ ቁስል ምንድን ነው?" ይልሻል፣ ሥራው የሚጀምረው ያኔ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ሁሉንም አንድ ዓይነት ሰው አድርጋችሁ አትዩ። ለጉልበት ሥራ ከገጠር መጥቶ፣ የቤት ኪራዩን ቆጥቦ ለሚስቱ የሚልክ አለ። እሱ ዳቦ ስትሰጪው ይከፋዋል። የቸገረው ገላ መታጠቢያና ዕቃ ማስቀመጫ ነው። በ2014ቱ ጦርነት ያለው ሁሉ የጠፋበት አለ። ከወለጋ ተፈናቅሎ መጥቶ መጠለያ ውስጥ መቀመጥ የሰለቸው አለ። ከሳዑዲ በባዶ እጁ ተመልሶ፣ ለመሄጃ የተበደረውን ብር ፈርቶ ወደ ወረዳው መግባት ያቃተው ወጣት ደግሞ የኛ የወሎ ጉዳይ ነው፣ በየበረንዳው ታገኙታላችሁ። ቋንቋው ዐረብኛ ይቀላቅላል፣ በስልክ ከደላላ ጋር ይነጋገራል፣ እንደገና ለመሄድ እያሰበ ነው። ለእሱ ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል?

ፈቃዱን በተመለከተ፣ የራሳችሁን ዳቦ ለመስጠት ማንም አይከለክላችሁም። ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ከጀመራችሁ ግን በአዋጅ 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ ድርጅት ሁኑ ወይም ከተመዘገበ ጋር ሥሩ። አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ ወጣቶች በቡድን ሆናችሁ ማታ ስትዞሩ ጥርጣሬ ስለሚያመጣ ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ ቀድማችሁ አሳውቁ። ሰዓት እላፊ ካለም አትድፈሩ።


ሲስተር ነኝ፦

ጦሳ ሥር ያለው ላይ እጨምራለሁ። የጤናውን ለእኔ ተዉት፣ ሥራዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ልብሱ። ከቤት የሰበሰባችሁትን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። የእነሱን አሮጌ ልብስ ስትቀበሉ ደግሞ በፌስታል አስራችሁ ውሰዱና በፈላ ውሃ እጠቡት። ለጽዳት ብቻ ብዬ አይደለም። የልብስ ቅማል ግርሻ የሚባለውን ትኩሳት ያስተላልፋል፣ ተስቦም በእሱ ነው የሚመጣው። ግርሻ ትኩሳቱ ለቀናት ያንቀጠቅጥና ይተዋል፣ ዳነ ሲባል እንደገና ይመለሳል፣ ስሙም ከዚያ ነው። ሰው ተጠጋግቶ በሚተኛበት ቦታ፣ ልብስ በማይቀየርበት፣ በብርድ ወቅት ይነሳል።

አደራ የምለው ነገር አለ። ትኩሳት ያለበትን ሰው ስታገኙ ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ገዝታችሁ አትስጡ። ግርሻ ከሆነ መድኃኒቱ ጀርሙን በአንድ ጊዜ ሲገድለው ሰውነት በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው አስተኝተን እየተከታተልን የምንሰጠው። ጤና ጣቢያ አድርሱት፣ ወይም 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ ጥሩ።

ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው፣ ስድስት ወር ይወሰዳል። አስቸጋሪው ስድስቱ ወር ነው። በረንዳ የሚያድር ሰው ዛሬ ፒያሳ ነው፣ ነገ ሌላ ቦታ። እናንተ በየሳምንቱ በአንድ ቀን ብቅ የምትሉ ከሆነ ግን "ኪኒኑን ወስደሃል?" የሚለው ሰው አገኘ ማለት ነው። ከዳቦው ይልቅ ይሄ ይበልጣል ብዬ ነው የማምነው።

መናኸሪያው ጋ ስላየሽው ሰው። አዲስ አበባ ላይ 217 የጎዳና አዳሪዎችን ያየ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ነበር። ከአሥሩ ዘጠኙ የአእምሮ ችግር ወይም የመጠጥ ችግር ነበረባቸው፣ 41 በመቶዎቹ ደግሞ ሳይኮሲስ የምንለው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማበት ዓይነት ሕመም ነበረባቸው። ስለዚህ ያ ሰው ብቻውን አይደለም። በጉልበት ይዛችሁ አትውሰዱት፣ ልብስም በግድ አታልብሱት። ከሩቅ ሰላም በሉት፣ ምግቡን አጠገቡ አስቀምጡለት፣ ቀጥሎ ስትመጡም እንደዚያው። ሲለምዳችሁ ቀን በአንድ ሰው ታጅቦ ሊመጣ ይችላል። በየወሩ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ለማይችል ሰው ይሻላል። ቤተሰቦቹ ጠበል ወስደውት ከነበረ አትከራከሩ። ጠበሉን እየጠጣ መድኃኒቱንም ይውሰድ።

ልጆቹን ደግሞ ማስቲሽ ስበው ካገኛችኋቸው አታባርሯቸው፣ አትጩኹባቸው፣ ጠርሙሱንም አትቀሟቸው። የሳበ ልጅ በድንገት ሲደነግጥ ወይም ሲሮጥ ልቡ ቀጥ ሊል ይችላል። ማስቲሽ ረሃብና ብርድ ስለሚያስረሳ ነው የሚይዙት፣ ሆዱ ሞልቶ ሲሞቀው መጠኑን ይቀንሳል።


አራዳ ባለሱቅ፦

ደግ ልብ እንዳላችሁ አያጠራጥርም። ግን አንድ ሰው እዚህ የሌላውን ወገን ይናገር።

አራዳ ሱቅ አለኝ። ጠዋት ስከፍት በረንዳውን በበረኪና ሳላጥብ ደንበኛ አይገባልኝም። ሽንት ነው፣ አንዳንዴም ከሽንት የባሰ። ዳቦ የሚታደልበት ቦታ ሰው ይሰበሰባል፣ ይሄ የታወቀ ነው። እናንተ ሰጥታችሁ፣ ተመራርቃችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ ትተኛላችሁ። ጠዋት ከፌስታሉና ከልጣጩ ጋር የምፋጠጠው እኔ ነኝ። ዘካዬን አወጣለሁ፣ ሰደቃም እጄ አልታጠፈም። ግን ጉልበት ያለው ጎልማሳ ዳቦ እየጠበቀ በረንዳዬ ላይ ሲውል ማገዝ ነው ወይስ ማበላሸት? ሥራ የለም እንዳትሉኝ። ኮሪደሩ ላይ፣ ግንባታው ላይ ሰው ይፈለጋል።


የድሮ ሊስትሮ፦

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው፣ አይቀየሙኝ። እኔ በረንዳ አድሬ ነው ያደግኩት። አሁን የራሴ ሥራና ልጆች አሉኝ፣ ለዚህ ነው በስሜ የማልጽፈው።

ከለጋምቦ በእህል መኪና ላይ ሆኜ ነው የመጣሁት። ማታ እንዴት እንደሚታደር ልንገራችሁ። ጫማ ይወልቅና ክሩ ከእጅ አንጓ ጋር ይታሰራል፣ ከራስ ሥር ይደረጋል። የሊስትሮ ሳጥን በእግር መሀል። ተራ ገብተን ነበር የምንተኛው፣ አንዱ ካልነቃ ሁሉም ይዘረፋል። ፈጅር አዛን ሲል እንነሳለን፣ ምክንያቱም ቆይተን ከተገኘን የሚከፍተው ሰው ከነልብሳችን ውሃ ይደፋብናል። እርስዎን ማለቴ አይደለም። ግን በደሴ ብርድ ንጋት ላይ የረጠበ ልብስ እስከ አራት ሰዓት አይደርቅም፣ እንደዚያ ሆኖ ማን ይቀጥርሃል?

ሽንቱን አሉ። ልክ ነዎት፣ ያስጠላል። መፀዳጃው ግን በክፍያ ነው፣ ማታ ደግሞ ይዘጋል። እርስዎ ማታ ሲመጣብዎት የት ይሄዳሉ?

ሥራ አለ ያሉትም ልክ ነው፣ አለ። ፎርማኑ መታወቂያ ይላል፣ ወይ ዋስ ይላል። መታወቂያ ለማግኘት ቀበሌ ስትሄድ የቤት ቁጥር ይላሉ። ቤት ለመከራየት አከራይዋ መታወቂያ ትላለች። እንዝርት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ሆኖ ይሽከረከራል። ሲም ካርድ እንኳ በሰው ስም ነበር የያዝኩት። ለእናቴ ብር የምልከው ስልክ በነበረው ጓደኛዬ በኩል ነበር፣ እሱ ራሱ ጉርሻውን እየቀነሰ።

ምግብ ያልን እንደሆነ ከሆቴል የሚወጣውን ትራፊ፣ እኛ ቡሌ የምንለውን፣ ገዝተን ነበር የምንበላው፣ በነፃ የሚመስለው ሰው አለ። በፌስታል ውስጥ መኮሮኒው፣ ወጡ፣ አጥንቱ፣ አንዳንዴ ሶፍቱም አብሮ ነው። ስለዚህ ዳቦው ጥሩ ነው። ትኩስ ሻይ ከጨመራችሁበት ግን እግዜር ይስጣችሁ፣ ከውስጥ የሚያሞቅ ነገር አይገኝም ነበር። አረቄ የሚጠጣውም ለሙቀት ነው፣ ሲጠጣ ይሞቀዋል፣ ሌሊት ደግሞ የባሰ ይበርደዋል።

ከዚያ ኑሮ ያወጣኝ ሸዋ በር አካባቢ የሚነግድ ሰው ነው። ብር አልሰጠኝም። ማታ ሳጥኔን ሱቁ ውስጥ አስገባልኝ፣ በዚያ ምክንያት መተኛት ቻልኩ። ከዚያ የቀኑን ሳንቲም በደብተር እየጻፈ ያስቀምጥልኝ ጀመር። ሲጠራቀም ተሸካሚዎቹ ዕቁብ ውስጥ ዋስ ሆኖ አስገባኝ። የዕቁቡ ብር ሲደርሰኝ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራየን፣ መታወቂያም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ፣ እንግዲህ የእርስዎ ሱቅ ከዳቦ ቤቱ ይልቅ ሊረዳ ይችል ነበር ለማለት ነው።


ከቦርከና ማዶ፦

ስለ ደሴ ነው የምታወሩት፣ ኮምቦልቻ ስለሆንኩ ግን አላስችል አለኝ። በመኪና ሐረጎን ወርዶ አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ ነው፣ ሕይወቱ ግን ሌላ ነው። ብርዱ ሲጠና ከእናንተ ወደ እኛ የሚወርዱ አሉ። ታኅሣሥ ላይ ደሴ ያጣችሁት ታማሚ እኛ ጋ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት ያስጀመራችሁት ሰው ከጠፋ ጠይቁን። እኛ ጋ ከብርድ ልብስ ይልቅ አጎበር ነው የሚያስፈልገው፣ ወባ አለ።

ልናገር የፈለግኩት ግን ስለ ሴቶቹ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲከፈት ከየወረዳው ብዙ ልጃገረድ መጣች። ጦርነቱ መጣ፣ ፓርኩ ተዘረፈ፣ አሜሪካም ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ አጎአን፣ ማለትም ዕቃችን ያለ ቀረጥ የሚገባላትን ዕድል፣ ለኢትዮጵያ አቆመች፣ ብዙዎቹ ሥራ አጡ። ወደ አገሯ በባዶ እጇ መመለስ ያፈረች ልጅ በረንዳ ላይ አትተኛም። ጠላ ቤት ወይ አልጋ ቤት ቀን ታስተናግዳለች፣ ማታ እዚያው መደቡ ላይ ትተኛለች። ኪራዩን በምን እንደምትከፍል ልተወው። የጅቡቲ መንገድ ነው፣ የከባድ መኪና ሾፌር አይጠፋም። ማታ በባትሪ በረንዳ ለበረንዳ ብትዞሩ አንዷንም አታገኙም። ጠዋት ነው የሚገኙት፣ የሚያናግራቸው ደግሞ ሴት መሆን አለባት። ሞዴስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳሙና ይዛችሁ ሂዱ። ወንዶቹ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፣ ቅር እንዳይላችሁ።


የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ሁሉንም ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው። የቪድዮው ነገር ተዘግቷል። ሲስተር ስለ ቴትራሳይክሊኑ ያልሽው አስደነገጠን፣ አንዱ ልጅ ፋርማሲ ስለሚሠራ መድኃኒት እናምጣ ሲል ነበር።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። መታወቂያ የሌለውን ሰው ፋይዳ ማስመዝገብ ይቻላል? ልጆቹንስ ወደ ቤተሰብ መመለስ? አንዱ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ከወረኢሉ እንደሆነ ነግሮናል፣ ትራንስፖርት ከፍለን ብንልከውስ?


ጦሳ ሥር፦

ፋይዳ ይቻላል። ምዝገባው ነፃ ነው፣ ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ያለው ምስክር ይዞ መመዝገብ ይችላል። የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ነው የሚወሰደው። የሚቸግረው ስልኩ ነው። ኮዱ በስልክ ስለሚመጣ የእናንተን ቁጥር አታስመዝግቡለት። በኋላ ባንክ ቢሄድ ኮዱ አንቺ ጋ ይመጣል፣ አንቺን ደግሞ አያገኝሽም። ሲም የሚያወጣበትን መንገድ ቀድማችሁ ፈልጉ። ወረቀቱን ደግሞ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ስጡት፣ ፎቶውንም አንሥታችሁ አንድ ቦታ አስቀምጡለት፣ በረንዳ ላይ ወረቀት አይቆይም።

መታወቂያው ሲመጣ ሌላም በር ይከፈታል። የከተማ ሴፍቲኔቱ በ2009 ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች፣ ጎዳና ላይ ያሉ ሰዎችን የሚመለከት ክፍልም ነበረው። ዙር አለ ወይ ብላችሁ ማኅበራዊ ጉዳይን ጠይቁ፣ እነሱ ይፈልጓችኋል ብላችሁ አትጠብቁ። የጤና መድኑም የድሃ ድሃ ተብሎ ለተለየ ሰው በነፃ ነው፣ ግን ዝርዝሩ የሚወጣው ከቀበሌ ስለሆነ የማንም ቀበሌ ያልሆነ ሰው ይዘለላል። ቀበሌ ሄዶ የሚጨቀጭቅ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከመካከላችሁ ነገር የሚችል፣ የማይሰለች አንድ ሰው ለዚህ ብቻ መድቡ፣ ማታ ባይወጣም ይሁን።

ልጁን ግን በራሳችሁ አትላኩት። ቤታችሁም አታስገቡት። ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አለ፣ በእነሱ በኩል ይሁን። ለምን ቢባል ልጁ ለምን እንደወጣ አታውቁም። እንጀራ አባት ይደበድበው ይሆናል፣ እረኝነት ተቀጥሮ ከብት ጠፍቶበት ይሆናል። ዝም ብሎ መኪና ላይ የተጫነ ልጅ በሳምንቱ ተመልሶ ታገኙታላችሁ፣ ያኔ ደግሞ እናንተንም አያምንም። መጀመሪያ ለእናቱ ስልክ ያስደውሉለት፣ ድምፅዋን ሰምቶ የሚሆነውን እዩ። ልጆቹ ደግሞ አለቃ አላቸው፣ ከፍ ያለው ልጅ። እሱን ሳታናግሩ ትንሹን ብታናግሩ ማታ የሚመታው ትንሹ ነው። ብር አትስጡ፣ ለአንዱም ቢሆን።


አራዳ ባለሱቅ፦

የድሮ ሊስትሮ የጻፍከውን አነበብኩ። ውሃ ደፍቼ አላውቅም፣ ይሄ ይታወቅልኝ።

በረንዳዬ ላይ ይታደር አልልም፣ አልዋሽም። ግን ከሱቁ ጀርባ ቧንቧ አለ፣ ከመዝጋቴ በፊት እጅና እግራቸውን ቢታጠቡ አልከለክልም። ካርቶንም እስከ 12 ሰዓት ድረስ ውሰዱ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰበስበው ሰው አለ፣ በእሱ እንጀራ አትግቡ። ዳቦውን የምታድሉ ከሆነ ደግሞ ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑና ፌስታሉን ሰብስባችሁ ሂዱ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።


ሲስተር ነኝ፦

ጋሼ፣ አላህ ይስጥዎት፣ እግር መታጠብ ብቻውን ስንት ቁስል ያድናል።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፣ የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ስታመጡ ጠዋት በጊዜ አምጡ፣ ከሰዓት ሰልፉ አይቻልም። አንድ ሰው አብሮት ይቀመጥ። ብቻውን ሲሆን "ነገ ና" ይባላል፣ ነገ ደግሞ አይመጣም። አንድ ሠራተኛ ሽታው አስቸግሮት ፊቱን ሲያዞር ካያችሁ አትጣሉ፣ ኃላፊውን ጠይቁ። ገላውን ታጥቦ ቢመጣ ሁሉም ነገር ይቀልለታል፣ ትክክል ባይሆንም እንደዚያ ነው።


የቧንቧ ውሃ ልጅ፦

እሺ። ሰኞ ማታ እንጀምራለን ብለናል። ሻይ በፔርሙስ፣ ዳቦ፣ ካልሲ። ብርድ ልብሱን እናቆየዋለን። ለጋሼ ማዳበሪያ ይዘን እንመጣለን።


የድሮ ሊስትሮ፦

ሰኞን ተዉት። የገበያ ቀን ነው፣ ተሸካሚው ሲሸከም ውሎ ደክሞት በጊዜ ይተኛል፣ ትንሽ ብር ስለሚይዝም የማያውቀው ሰው ሲጠጋው ይደነግጣል። ረቡዕ አድርጉት። ሻዩ ላይ ስኳር አብዙ።